«ሰኔ ደረሰ» አስቸኳይ ምክንያት አይደለም

ያለ ጨረታ ግዥ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ሌብነት ይሸተናል። ሁሌም ግን አይደለም። በፌዴራል መንግሥት ግዥ መደበኛው መንገድ ግልጽ ጨረታ ነው፤ በጠባቡ ደግሞ ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛት ይፈቀዳል።

የአንድ ሆስፒታል የራጅ ማሽን ተበላሸ እንበል። መለዋወጫው ያለው አንድ አቅራቢ ጋ ብቻ ከሆነ ማን ከማን ይወዳደራል? በቀጥታ ይገዛል። አስቀድሞ ሊታሰብ ያልቻለ አጣዳፊ ችግር ሲመጣም እንዲሁ።

«ሰውየውን እናውቀዋለን፣ ጎበዝ ነው» ግን አይሠራም። በጀቱ ሰኔ 30 ሊዘጋ ነው ብሎ መሯሯጥም ያው ነው፤ ሰኔ እንደሆነ በየዓመቱ ይመጣል! ከጨረታ ለማምለጥ አንዱን ግዥ መቆራረጥም ክልክል ነው።

ያለ ጨረታ መግዛት የሚቻልበት የገንዘብ ጣሪያ በመመሪያ ስለሚወሰን ይለዋወጣል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።