ሞሊ ፓኔል ምንድን ነው?

ሞሊ ፓኔል ጠፍር በመስመር በመስመር ያለበት፣ ተነቃይ የዕቃ ኪሶች እየተሸመኑ የሚታሰሩበት ገጽ ነው። «ሞሊ ሰፍተህ ስጠኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስርበትን ኪሶች እንዲያሳየኝ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛው ኪስ የለውም። የሚፈልገው በመኪናው ወንበር ጀርባ ላይ መስመር በመስመር የተሰፋ ጠፍር ነው፤ ኮዳና ባትሪ ሊያንጠለጥልበት። እሰፋለታለሁ፣ ገንዘቡ ነው። ግን የወሰደው ማንጠልጠያ እንጂ ሞሊ እንዳልሆነ ነግሬው ነው የምሸኘው።

ይሄ እንኳን ይታለፋል። የባሰው ሰሞኑን በቪዲዮ ያየሁት ሰው ነው። ኪሱን ፓኔሉ ላይ አስጠጋ፣ ከኪሱ ጀርባ የሚወርደውን ረጅም ምላስ በሁሉም የፓኔሉ ጠፍሮች ሥር በአንዴ ሰደደው፣ ታች ጠቅ አድርጎ ቆለፈና «አለቀ» አለ። አላለቀም፣ ወንድሜ። ገና አልተጀመረም።

ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ጦር ነው። በፈረንጅ 1973 የወጣውን አሊስ የተባለ የትጥቅ መሸከሚያ ለመተካት በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1997 ገባ። ዛሬ ካሜራ አንሺም፣ የአምቡላንስ ባለሙያም፣ ባለ መኪናም ይጠቀምበታል። ታሪኩ ይቅር፤ ልኬቱ ላይ እንምጣ።

የጠፍሩ ስፋት 25 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለት ጠፍሮች መሃል ያለው ክፍተትም 25 ነው። እያንዳንዱ ጠፍር በየ38 ሚሊ ሜትሩ በተመላላሽ ስፌት ይጠበቃል። ክፍተቱ ከጠፍሩ ጋር እኩል የሆነው ለማማር አይደለም። የኪሱም ጀርባ ያው ዓይነት ጠፍር አለው። ኪሱን ስታስጠጉት የኪሱ ጠፍር በፓኔሉ ክፍተት ውስጥ ልክ ይገባል። ከዚያ ምላሱ አንዴ በፓኔሉ ጠፍር ሥር፣ አንዴ በኪሱ ጠፍር ሥር፣ ደግሞ በፓኔሉ ሥር እየተሽሎከለከ ይወርዳል። ሞሊ ማለት ይቺ ሽሉክሉክ ናት።

ሽመና ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ጠፍሮቹ ድር ናቸው፣ ምላሱ ማግ። ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር እያለ ካላለፈ ጋቢ የለም። የቪዲዮው ሰውዬ ያደረገው መወርወሪያውን በድሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር ወርውሮ «ሸመንኩ» ማለት ነው። እርግጥ ምሳሌው ትንሽ ይጎብጣል። ሸማኔው ያለው አንድ ድር ነው፤ እኛ ግን ሁለት አለን፣ የፓኔሉና የኪሱ፤ ማጉ ሁለቱን አንድ ጨርቅ ያደርጋቸዋል። ሸማኔው ደግሞ ማጉን እየመታ ያጠብቃል። እናንተም በየረድፉ ምላሱን ሳትስቡ ከወረዳችሁ የምታገኙት ወንፊት የመሰለ ጋቢ ነው።

ከፊት ሲታይ ሁለቱም አሠራር አንድ ስለሆነ ሰው ይሸወዳል። ሐረጎን ስትወርዱ ግን ይለያል። ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፣ ያውም በጥምዝ። ያልተሸመነው ኪስ ከታች እየተነሳ ወንበሩን ይደበድባል፤ ክብደቱ በሙሉ የላይኛው ረድፍ ስፌትና ታች ያለችው ቁልፍ ላይ ያርፋል። የተሸመነው ለሁሉም ረድፍ ያካፍለዋል።

ፍሬን እንኳ ያን ያህል አያሰጋም፤ የወንበር ጀርባ ላይ ያለን ኪስ ወደ ወንበሩ ነው የሚጫነው። የሚፈትነው ጥምዙ ነው። የአውሮፓ የጭነት አስተሳሰር መስፈርት ጭነት ወደ ጎን የክብደቱን 0.5 ያህል ግፊት እንዲቋቋም ሆኖ እንዲታሰር ያዛል፤ ወደ ፊት 0.8። የተጻፈው ለጭነት መኪና ነው፣ ግን 10 ኪሎ ክሪክ ወንበር ጀርባ ላይ ልስቀል ለሚል ሰው ይጠቅማል። ግጭት ከዚህ ስሌት በጣም ይበልጣል። ክሪክ ወለል ላይ ይታሰር። ፓኔል ለካቻቢቴ፣ ለፒንሳ፣ ለመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ ነው።

ሳትጠይቁኝ ደግሞ፦ ወንበራችሁ ጎኑ ላይ ኤርባግ ካለው ፓኔሉ በዚያ በኩል ተጠምጥሞ መታሰር የለበትም። ይሄን ለወንበር ልብስም ስናገር ነው የኖርኩት፣ የሚሰማ ጥቂት ነው። ፓኔሉን በጨርቅ ፈንታ ከላሜራ የምታስቆርጡ ደግሞ የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አስልሱ፤ ስለታም ጠርዝ ምላሱን ቀስ እያለ ይበላዋል። የጨርቁን ፓኔል ስታሰፉ የጥጥ ክር አታስገቡ። የሬንጀር ጨርቅ ይዛችሁም አትምጡ፣ አልሰፋም።

በትክክል መታሰሩን ለማወቅ የኪሱን ታች ይዛችሁ ከፓኔሉ ለማራቅ ሳቡት። በመሃል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ከተፈጠረ አልተሸመነም። ፍቱትና ከላይኛው ረድፍ ጀምሩ።