“ባይሆን ኖሮ” ያሰለቸው የታሪክ መምህር

አዳማ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር 19 ዓመቴ ነው። የካቲት በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። ባለፈው ደግሞ ፀጉር ቤት አገኘኝ። አስተካካዩ ምላጩን አንገቴ ላይ እንዳደረገ “ቲቸር፣ ውጫሌ ላይ ያ አስተርጓሚ ባይሳሳት ኖሮ አድዋ አይኖርም ነበር አይደል?” አለኝ። ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው አይከራከርም። ዝም አልኩ። ያን ቀን የዋጥኩትን መልስ ዛሬ ልትፋው ነው። ሌሎቹንም “ባይሆን ኖሮ”ዎች እግረ መንገዴን ላንሳቸው።

“አንደኛው የዓለም ጦርነት የተነሳው በሳንድዊች ነው።” ተረት ነው። ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለው ወጣት ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያን ልዑል ፍራንዝ ፈርዲናንድን የገደለው ሳንድዊች ሊበላ ሲወጣ ስላገኘው ነው ለሚለው ወሬ ማስረጃ የለም። የልዑሉ ሹፌር መንገድ መሳቱ ግን እውነት ነው።

“አንድ ሰው ምን ለውጥ ያመጣል?” እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 የሶቪየት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ “አሜሪካ ሚሳኤል ተኮሰች” ሲል፣ ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሐሰት ደወል ነው ብሎ ሪፖርት አደረገ። ልክ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ቢሆን ብዬ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

“ቢራቢሮ ክንፏን ብታርገበግብ ታሪክ ይገለበጣል።” ይህችን ተማሪዎቼ ከፊልም ነው የሚያመጡልኝ። ነገሩ የጀመረው ከአየር ትንበያ ነው። የአየር ጠባይ ተመራማሪው ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ስሌት ሲደግም ኮምፒውተሩ ላይ 0.506127 ማለት ሲገባው 0.506 ብሎ አስገባ። የወጣለት አየር ከቀድሞው ጋር ጭራሽ የማይገናኝ ሆነ። ስለዚህ ከሳምንታት በኋላ በየትኛው ቀን እንደሚዘንብ መናገር አይቻልም። ክረምት መምጣቱን ግን ማንም ይናገራል። ቢራቢሮዋ አዳማ ላይ ዝናቡን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ትገፋው ይሆናል። ሐምሌን ግን ጥር አታደርገውም። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ፀጉር አስተካካዩ።

የውጫሌ ውል የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው። የአማርኛው አንቀጽ 17 ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይላል። የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ሮም ያንን ይዛ “ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት” ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። ምኒልክ ውሉን አፈረሱት። ከዚያ አድዋ። እንግዲህ አንዲት ቃል ብትቃና ጦርነት የለም ማለት ነው። ታሪኩ ያምራል፣ ለፈተናም ይመቻል። ልክ ግን አይደለም።

እስቲ ዓመቶቹን ቁጠሩ። ኢጣሊያ ምጽዋን የያዘችው ጥር 1877 ነው፤ ከውሉ አራት ዓመት ቀድማ! ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጦሯን የደመሰሱት ጥር 1879 ነው። ያኔ አንቀጽ 17 የት ነበር? ማን ምኑን ተርጉሞ ተሳሳተ?

“አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” ይላል የአገራችን ሰው። ጅብ ሰበብ አጣሁ ብሎ ጾሙን አያድርም። ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል እጽፋለሁ፦ ሰበብ እና ምክንያት። አንቀጽ 17 ሰበብ ነው። ምክንያቱ ምጽዋ ላይ ወርዶ ወደ ደጋው ሽቅብ የሚያየው ዓይን ነው። ካላመናችሁኝ 1928ን እዩ። የውጫሌ ውል ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ኢጣሊያ ግን ተመልሳ መጣች። ያኔ ሰበቡ ወልወል ላይ የተነሳው ግጭት ሆነ።

“አስተርጓሚው ተሳሳተ” የምትለዋ ደግሞ ለብቻዋ ታበሽቀኛለች። ኢጣሊያን ወክሎ የተደራደረው አንቶኔሊ ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረ ሰው ነው። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ አስተርጓሚ ትከሻ ላይ መጫን ጅቡን በነጻ ማሰናበት ነው።

የግድ አንድ ቅጽበት ምረጥ ካላችሁኝ የካቲት 21 ቀን 1888 ምሽትን እመርጣለሁ። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ አራት ጄኔራሎቹን ሰብስቦ “እናፈግፍግ ወይስ እንግጠም?” አለ። የቀረው ስንቅ የጥቂት ቀን ነው። የምኒልክም ሠራዊት ስንቅ እያለቀበት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ከሮም በቴሌግራም ይነዘንዘዋል። ጄኔራሎቹ እንግጠም አሉ። ጥቂት ቀን ታግሶ ቢሆን ኖሮ የካቲት 23 አድዋ ላይ ውጊያ ላይኖር ይችል ነበር። በጉዞውም ሌሊት ካርታቸው የኪዳነ ምሕረትን ተራራ አሳስቶ ስላሳየ ከጄኔራሎቹ አንዱ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ወደፊት ገባ። እነዚህ ቢለወጡ ቀኑ ይለወጣል፣ ቦታው ይለወጣል፣ ማን ሞቶ ማን እንደተረፈ ይለወጣል። ድሉም አሁን የምናውቀው ዓይነት ላይሆን ይችላል። ጠቡስ? ዝናቡ ወደ ሐሙስ ተገፋ እንጂ ክረምቱ አልቀረም።

ትንሽ ነገር ሁሌ ሰበብ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። በ1880 ገደማ በምጽዋ በኩል የገቡ የታመሙ ከብቶች የደስታ በሽታን ይዘው መጡ። በሽታውን የማያውቀው የአገሩ ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብ ተከተለ። እነዚያ የታመሙ ከብቶች ባይገቡ ኖሮ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ሁሉም አንቀጽ 17!

ተማሪዎች፣ ለእናንተ ምክር አለኝ። “ባይሆን ኖሮ” ስትሉ አንዷን ነገር ብቻ ንቀሉ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ከዚያ ማን ምን ይፈልግ ነበር፣ አቅሙስ ነበረው ወይ በሉ። “የአድዋ ጦርነት መንስኤ” ለሚል ጥያቄ አንቀጽ 17 ብቻ ጽፎ ለሚወጣ ግማሽ ማርክ ነው የምሰጠው። አትጨቅጭቁኝ። ጎረቤቴም ያንብብልኝ። “ፎቶው ባይበላሽ ኖሮ ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ነበርኩ” ይላል በየበዓሉ። ጋሼ፣ ከፎቶው በኋላ ዕጣ አለ፣ ከዕጣው በኋላ ኢንተርቪው አለ። ፎቶው ላይ ብቻ አይፍረዱ።

እኔም ቤት አንድ አለ። ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው ከሞጆ ስንመጣ ሚኒባስ ተበላሽቶብን ነው። ሰርጋችን ላይ ሚዜዬ “ያ ሚኒባስ ባይበላሽ ኖሮ!” ብሎ አዳራሹን አስጨበጨበ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሁለታችንም አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። ሚኒባሱ ደህና ቢሆን ኖሮ ሰኞ ጠዋት መምህራን ክፍል እንገናኝ ነበር። ይህንን ትናንት ቡና ስታፈላ አስረዳኋት፤ ሰበብና ምክንያትን ጭምር።

“ሰኞማ ቢሆን ኖሮ አላናግርህም ነበር” አለችኝ። “ያን ቀን ውሃህን ስለሰጠኸኝ ነው።”