ድራም ኮር ምንድን ነው? ገንዘቡስ ለምን አይበረክትም?

ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ልጁ ሃይስኩል እያለ ትራምፔት ይነፋ ነበር፤ አሁን ኮሌጅ ገብቷል። «ኦዲሽን አልፌያለሁ፣ ሰመሩን ሙሉ ከድራም ኮር ጋር አሜሪካን እዞራለሁ» ብሎታል። አባት ደስ ብሎት ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ አወራ። በሳምንቱ የክፍያ ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። ብዙ ሺህ ዶላር ነው። «እኔ እኮ ለልጁ የሚከፍሉት መስሎኝ ነበር!» አለኝ። «ቆይ፣ ተመርጦ ነው ወይስ ተመዝግቦ?»

ሁለቱም ነው። የድራም ኮር የገንዘብ ጣጣ የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ድራም ኮር የወጣቶች የማርሽ ሙዚቃ ቡድን ነው። ትራምፔትና ቱባን የመሳሰሉ የናስ መሣሪያዎች፣ ከበሮ፣ ከዚያ ደግሞ ባንዲራ እያውለበለቡ የሚጨፍሩ ከለር ጋርድ የሚባሉ ልጆች አሉት። ክላርኔትና ሳክስፎን የለበትም። በትልቁ ምድብ አንድ ቡድን እስከ 165 አባላት ይይዛል። ዕድሜያቸው ከ20ዎቹ መጀመሪያ አያልፍም። በአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ላይ እየሮጡ፣ ቅርጽ እየሠሩ፣ አሥር ደቂቃ ከምናምን የሚፈጅ ትርኢት ያቀርባሉ፤ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ውድድሩን የሚመራው ድራም ኮርስ ኢንተርናሽናል ነው፤ በአጭሩ ዲሲአይ ይሉታል። የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1972 በዊስኮንሲን ግዛት ዋይትዋተር ከተማ ተካሄደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። ዛሬ ፍጻሜው በየነሐሴው ኢንዲያናፖሊስ ስታዲየም ውስጥ ነው።

እኛ ማርሽ ባንድ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው የፖሊስ ወይም የጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ነው። እዚያ ነፊው ደሞዝተኛ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችም የነፉት በመንግሥት ወጪ ነው። ድራም ኮር ተቃራኒው ነው። መንግሥትም ደሞዝም የለበትም። ቡድኑ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ነፊው ራሱ ከፍሎ ይነፋል።

የገንዘብ ዘላቂነት የሚሉት ነገር ታዲያ እዚህ ምን ማለት ነው? ቡድኑ የዘንድሮን ጉዞ ጨርሶ፣ ያለበትን ዕዳ ከፍሎ፣ ለከርሞ አውቶብስ የሚያስይዝበት ሲተርፈው ማለት ነው። ቀላል ይመስላል። ብዙ ስመ ጥር ቡድኖች ግን አልሆነላቸውም።

ምክንያቱን ለማየት ከምግቡ እንጀምር። እነዚህ ቡድኖች ወጥ ቤታቸውን በከባድ መኪና ተሳቢ ላይ ጭነው ነው የሚዞሩት። የተሳቢው ጎን ሲከፈት ውስጡ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ማጠቢያ ነው። አብሳዮቹ በአብዛኛው ፈቃደኛ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ስለሚለማመዱ በቀን አራት ጊዜ ይበላሉ። አራተኛው ከትርኢት በኋላ ነው፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰሃን ይዘው ይሰለፋሉ። ከበሉ በኋላ አውቶብስ ውስጥ እየተኙ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ፍራሽ አንጥፈው እንቅልፋቸውን ይቀጥላሉ። አሠልጣኙንና ረዳቱን ጨምሮ ሰዉን 200 እንበለው። በቀን አራት ጊዜ፣ 80 ቀን። 64 ሺህ ሰሃን! ይሄ ምግቡ ብቻ ነው።

ከዚያ በላይ የኪራይ አውቶብሶች አሉ፤ የመሣሪያና የመድረክ ዕቃ የሚጭኑ ከባድ መኪኖች አሉ፤ ነዳጅ አለ። አንድ ትልቅ ቡድን በአንድ ሰመር ከ10 ሺህ ማይል በላይ ሊጓዝ ይችላል። የአሠልጣኞች ክፍያ፣ የልብስ፣ የኢንሹራንስ ይቀጥላል። የትልቅ ቡድን የዓመት ወጪ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። አሁን የልጆቹን ክፍያ እናስላ። በነፍስ ወከፍ 5 ሺህ ዶላር ብንይዝ፣ 165 ልጆች 825 ሺህ ያመጣሉ። የወላጅን ወገብ የሚያጎብጥ ክፍያ ተከፍሎም ወጪውን አይሸፍንም። ክፍያውን መጨመር ደግሞ የሀብታም ልጅ ብቻ ወደ መሰብሰብ ይወስዳል።

ቀሪው ከየት ይመጣል? ጥቂቱ ዲሲአይ ከትኬት ሽያጭ ከሚያካፍለው ነው። ጥቂቱ ከቲሸርት ሽያጭ፣ ከለጋሽ፣ ከቀድሞ አባላት። መሣሪያውም አንድ መላ ነው፤ አምራቾች አዲሱን በቅናሽ ይሰጣሉ፣ ቡድኑ አንድ ሰመር ነፍቶ ለትምህርት ቤቶች ይሸጠዋል። ሌላው፣ ለብዙ ዓመታት የብዙዎቹን ጎጆ ያቆመው፣ ቢንጎ ነው።

አዎ፣ ቢንጎ። ቁጥር እየተጠራ ካርድ ላይ ምልክት የሚደረግበት የዕድል ጨዋታ። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይፈቅዱታል። ማታ አዳራሽ ይከፈታል፣ አረጋውያኑ ካርዳቸውን ገዝተው ይቀመጣሉ፣ ትርፉ ለልጆቹ ከበሮ ይሆናል። እኔ ነገሩ ሁሌም ያስቀኛል። የሜዳው ትርኢት ያን ያህል የረቀቀ፣ ገንዘቡ ግን የመጣው «ቢ 12!» ከሚል ጩኸት።

ድሮ እንዲህ አይከብድም ነበር። ቡድኖቹን የሚደግፋቸው ቤተ ክርስቲያን፣ የጦር አርበኞች ማኅበር፣ የስካውት ድርጅት ወይም የሰፈር ፖሊስ ነበር። ልጆቹ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ጉዞውም አጭር ነው። በዚያ ዘመን በመላ አገሪቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቡድኖች ነበሩ። ውድድሩ አገር አቀፍ እየሆነ ሲሄድ ወጪው ሰማይ ነካ፤ የሰፈር ደጋፊ አልቻለውም። ዛሬ በትልቁ ምድብ የቀሩት ሃያ ገደማ ናቸው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ፤ ማሸነፍ ገንዘብ አያመጣም። ሳንታ ክላራ ቫንጋርድን እንይ። ካሊፎርኒያ፣ ሲሊከን ቫሊ ውስጥ የሚገኝ፣ በ1967 የተመሠረተ ቡድን ነው። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የመጨረሻው በ2018 ነበር። እሱም የቢንጎ ልጅ ነው። ኮሮና መጣ፤ አዳራሽ ተዘጋ፤ የ2020 ውድድርም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰረዘ። በ2022 ወደ ውድድር ተመለሰ፣ ጥሩም ነፋ። ሰመሩ ካለቀ በኋላ ግን በ2023 አንወጣም አለ። ሂሳቡ አልሞላም። ዋንጫ ካነሳ ገና አምስት ዓመቱ ነው! በ2024 ተመልሶ ወጣ። ለእኔ ያን ዓመት መቀመጡ ውርደት አልነበረም። ዕዳ ላይ ዕዳ ቆልሎ ከመውጣት ይሻላል። የዋዮሚንጉ ትሩፐርስም በ2006 በገንዘብ ችግር ተቀምጦ፣ በ2007 ተመልሶ፣ በ2009 ለፍጻሜ ደርሷል።

በ2010 ደግሞ ሌላ ጉድ ተሰማ። ሰባት ትልልቅ ቡድኖች ተሰባስበው «ተመልካች የሚመጣው እኛን ለማየት ነው፤ ከገቢው የሚደርሰን ይብዛልን» አሉ። ስብስባቸው ጂ ሰባት ተባለ፤ እንደ ሀብታሞቹ አገሮች። ሌሎቹ ተቆጡ፣ ትልቅ ጠብ ሆነ። ከሰባቱ ውስጥ ቫንጋርድ ነበር። ኒው ጀርሲ የተወለደው ካዴትስም ነበር። «እኛ ጠንካሮቹ» ካሉት ሰባት አንዱ አንድ ሰመር ቤቱ ተቀመጠ፤ ሌላው ከነጭራሹ የለም።

የካዴትስ ነገር ያሳዝናል። በ1934 በአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተጀምሮ አሥር ጊዜ የዲሲአይ ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው። በጥር 2024 በኪሳራ ተዘጋ። ያንበረከከው የአውቶብስ ዕዳ አይደለም፤ በ1980ዎቹ ተፈጸመ በተባለ ወሲባዊ ጥቃት የቀረበበት ክስ ነው። ክሱ ፍትሕ የሚፈልግ ሰው ያቀረበው ነው፤ ያ መብቱ ነው። ስለ ሂሳቡ ብቻ ካወራን ግን፣ መጠባበቂያ የሌለው ድርጅት የጠበቃ ወጪ እንኳ አይችልም። ዘላቂነት ሲባል የልጆች ደህንነትም አንዱ የሂሳብ መስመር መሆኑን ብዙዎቹ የተረዱት ዘግይተው ነው።

«አንድ ሀብታም ቢይዘውስ?» ይባል ይሆናል። ተሞክሯል። ቢል ኩክ የሚባል የሕክምና መሣሪያ ባለሀብት በ1980ዎቹ አጋማሽ ስታር ኦፍ ኢንዲያናን አቋቋመ። ቡድኑ በ1991 ሻምፒዮን ሆነ፤ ከ1993 በኋላ ውድድሩን ትቶ ወደ መድረክ ትርኢት ዞረ። ብላስት የተባለው ትርኢቱ ኒው ዮርክ፣ የቲያትር ቤቶቹ መንደር ብሮድዌይ ደርሶ በ2001 ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወሰደ። ለኪነ ጥበቡ እሰየው። ለድራም ኮሩ ግን አንድ ቡድን ቀነሰ። ባለቤቱ አንድ ሰው የሆነ ነገር የሚቆየው ያ ሰው እስከፈለገ ድረስ ነው።

የተሻለ የያዙት ገቢያቸውን የበተኑት ይመስሉኛል። በካሊፎርኒያ የኮንኮርድ ከተማው ቡድን ብሉ ዴቭልስ ቢንጎም አለው፤ ለታናናሾች ሌሎች ቡድኖች አሉት፤ ሲስተም ብሉ በሚል ስም ሥልጠናና የማርሽ ዕቃ ይሸጣል። አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይንጠባጠባል። በዋንጫም ማንም አይደርስበትም፤ እርግጥ ገንዘቡ ዋንጫውን ያምጣ ወይስ ዋንጫው ገንዘቡን፣ እንደ ዶሮና እንቁላሉ ነው።

ወዳጄን የመከርኩት አንድ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል ሰነድ ለግብር ቢሮው ያስገባል። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሦስት መስመር ብቻ ተመልከት አልኩት፦ የዓመቱ ገቢ፣ የዓመቱ ወጪ፣ ዕዳ ተቀንሶ የሚተርፈው ሀብት። የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን አድርገው። ካዴትስ ሲዘጋ ለዚያ ሰመር ኦዲሽን የተፈተኑ ልጆች ነበሩትና፣ ክፍያው በየወሩ የሚከፈል ከሆነም ቡድኑ ባይወጣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ጠይቅ።

ማታ መልሶ ደወለ። ሰነዱን አግኝቶታል። ሁለቱ ዓመት ደህና፣ አንዱ ዓመት ኪሳራ። «ልጁ ይሂድ ብያለሁ» አለኝ። «ግን አንተ ያላልከኝ ነገር አለ። ወላጆች በፈረቃ ለምግብ ማብሰያው መኪና ተመዝገቡ ይላል። አንድ ሳምንት ልሄድ ነው። ድንች ልላጥ።»