«ዕጢ ገቺ ጂን» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስሙ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዕጢ ገቺ ጂን ግን ካንሰር አምጪ ሳይሆን ጠባቂያችን ነው። ሴሎች ያለልክ እንዳይባዙ እንደ ፍሬን ይይዛል። ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ስለምንወርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑ የሚለቀው ሁለቱም ሲበላሹ ነው።

በአፍ ካንሰር በብዛት የሚነሱት ዕጢ ገቺ ጂኖች ፒ16 እና ፒ53 ናቸው። ሁለቱም የሚገኙት ክሮሞዞም በሚባሉ፣ ጂኖችን በያዙ የሴል ክሮች ላይ ነው። ፒ16ን የያዘው የክሮሞዞም 9 ክፍል ብዙ ጊዜ ገና በቅድመ ካንሰር ደረጃ ይጎድላል፤ ለምሳሌ አፍ ውስጥ በሚወጣ፣ ቢፈቀፈቅ በማይለቅ ነጭ ንጣፍ ላይ። ክሮሞዞም 17 ላይ ያለው ፒ53 ደግሞ ዲኤንኤው የተጎዳን ሴል ያስቆማል፤ ካልተጠገነም እንዲሞት ያደርጋል። የትምባሆ ጭስ ይህንኑ ጂን ይጎዳል።

የጂን ለውጥ ተገኘ ማለት ካንሰር ያዘ ማለት አይደለም። እባካችሁ ይህን ያዙልኝ። አብዛኛው ነጭ ንጣፍ ካንሰር አይሆንም። ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ንጣፍ ወይም ቁስል ግን ሐኪም ይየው።