ወደ አዲስ ሰርቨር ከተዛወሩ በኋላ የሚከሰቱ የዳይሬክተሪ አገልግሎት ችግሮች

የዳይሬክተሪ አገልግሎት የአንድን ተቋም ተጠቃሚዎች፣ ኮምፒውተሮችና የፈቃድ ደንቦች በአንድ ማዕከል መዝግቦ የሚይዝ ሥርዓት ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 2000 ሰርቨር ጋር ያወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ነው። አገልግሎቱ ወደ አዲስ ሰርቨር ሲዛወር ተጠቃሚዎች መግባት ሊያቅታቸው፣ ግሩፕ ፖሊሲ (ከማዕከል ለኮምፒውተሮችና ለተጠቃሚዎች የሚላኩ ቅንብሮች) መድረሱን ሊያቆም፣ በሰርቨሮቹ መካከልም የመረጃው መመሳሰል ሊቋረጥ ይችላል። ስሕተቱ የሚታየው በዳይሬክተሪው ላይ ቢሆንም መነሻው ብዙውን ጊዜ ዳይሬክተሪው በሚመረኮዝባቸው አገልግሎቶች ውስጥ ስለሆነ፣ የዳታቤዙን ፋይል ከመነካካት በፊት ዲኤንኤስን (ስሞችን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚቀይረውን አገልግሎት) መመርመር ይገባል።

ኮምፒውተሮች ዶሜይን ኮንትሮለራቸውን (ዳይሬክተሪውን የያዘውንና መግባትን የሚፈቅደውን ሰርቨር) የሚያገኙት በዲኤንኤስ ውስጥ በሚገኙ፣ አገልግሎቱ በየትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ በሚጠቁሙ የኤስአርቪ መዝገቦች አማካይነት ነው። አዲሱ ሰርቨር እነዚህን መዝገቦች ካላስመዘገበ፣ ወይም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ ቅንብር የሚሰጠው ዲኤችሲፒ የአሮጌውን ሰርቨር አድራሻ እንደ ዲኤንኤስ ማደሉን ከቀጠለ፣ አሮጌው እየሠራ እስካለ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፤ ችግሩ የሚገለጠው እሱ ሲጠፋ ነው። አዲሱ ሰርቨር ራሱ የውጭ ዲኤንኤስ እንዲጠይቅ ተዋቅሮ ከሆነም የገዛ ዶሜይኑን (በዳይሬክተሪው ሥር በአንድነት የሚተዳደረውን ኔትወርክ) ማግኘት ይሳነዋል። አድራሻው ከተስተካከለ በኋላ የኔትሎጎን አገልግሎትን አጥፍቶ ማስነሳት መዝገቦቹ እንደገና እንዲመዘገቡ ያደርጋል።

ቀጥሎ የሚታየው ሰዓት ነው። የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በነባሪው ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነትን ስለማይቀበል፣ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ያስገባ ሰው እንኳ ሊከለከል ይችላል። የዶሜይኑ ሰዓት የሚመራው የፒዲሲ ኢሙሌተር ሚና (እያንዳንዳቸው በአንድ ሰርቨር ብቻ ከሚያዙት አምስት ልዩ ሚናዎች አንዱ) በያዘው ሰርቨር ነው፤ ስለዚህ ሚናው ሲዛወር የውጭ የሰዓት ምንጩም በአዲሱ ሰርቨር ላይ መዋቀር አለበት፤ ይህ በጣም የሚረሳ ሥራ ነው። ከፒዲሲ ኢሙሌተር ሌላ ያሉት አራት ሚናዎችም መዛወር ያለባቸው አሮጌው ሰርቨር በሕይወት ሳለ ነው። ሰርቨሩ ሞቶ ሚናው በግዳጅ ከተወሰደ፣ ያ ሰርቨር ተመልሶ ወደ ኔትወርኩ መግባት የለበትም፤ በተለይ የአካውንቶችን መለያ ቁጥር የሚያድለው የአርአይዲ ሚና ሁለት ባለቤት ካገኘ ተመሳሳይ መለያ ቁጥር ያላቸው አካውንቶች ሊፈጠሩ ይችላሉ።

ከሁሉም ይበልጥ አድካሚው የሲስቮል ጉዳይ ነው። የግሩፕ ፖሊሲ ፋይሎችና የመግቢያ ስክሪፕቶች የሚቀመጡበት ይህ ፎልደር ካልተመሳሰለና ሼር ካልተደረገ፣ አዲሱ ሰርቨር ራሱን እንደ ዶሜይን ኮንትሮለር አያስተዋውቅም። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 አሮጌውን የኤፍአርኤስ ማመሳሰያ ስለማይደግፍ፣ ለዓመታት ሳይታደስ የቆየ ዶሜይን አዲሱ ሰርቨር ከመጨመሩ በፊት ወደ ተተኪው ማመሳሰያ ወደ ዲኤፍኤስአር መሸጋገር አለበት። ሁኔታውን ለማወቅ የዶሜይን ኮንትሮለሩን ጤንነት የሚመረምረው ዲሲዲያግና የመረጃውን መመሳሰል የሚያሳየው ሬፕአድሚን የተባሉት ትእዛዞች ከክስተት መዝገቡ ጋር ተደምረው አብዛኛውን መልስ ይሰጣሉ።

የፋየርዎል በሮችም (ፖርቶች) መፈተሽ አለባቸው፤ 53፣ 88፣ 135፣ 389 እና 445 ከተዘጉ አገልግሎቱ አይሠራም። በ636 በር በኩል በምስጢር የሚገናኙ ፕሮግራሞች ደግሞ በአዲሱ ሰርቨር ስም የወጣ፣ እነሱም የሚያምኑት ሰርተፊኬት ያስፈልጋቸዋል። ኦፕንኤልዳፕ በተባለው ሌላው የዳይሬክተሪ ሶፍትዌር በኩል የተለመደው እንቅፋት መረጃው በሩት (በበላይ አስተዳዳሪው) አካውንት ሲጫን የፋይሎቹ ባለቤትነት ለሩት መሆኑና አገልግሎቱ ሊከፍታቸው አለመቻሉ ነው።

አሮጌውን ሰርቨር ወዲያው ከማስወገድ ይልቅ ለጥቂት ቀናት ብቻ አጥፍቶ ማቆየት ይመረጣል፤ በአድራሻው ላይ የተንጠለጠሉ ፕሪንተሮችና ፕሮግራሞች የሚታወቁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ በሥርዓቱ ከዶሜይን ኮንትሮለርነት ይወርዳል፤ ይህ ካልተቻለ ግን ስሙ ከዳይሬክተሪውም ከዲኤንኤሱም በእጅ መጽዳት አለበት።