ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ስለማድረግ የሚወራውና እውነታው

ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ካስቀመጠለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ነው። የሚወራው ነገር ግን አንዱን በከንቱ ያስፈራል፣ ሌላውን በከንቱ ያደፋፍራል። እኔን የሚያሳስበኝ የተደፋፈረው ነው። እዚህ አገር ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ መተካት ቀላል ወጪ አይደለም።

«ማንኛውም ፕሮሰሰር ይሆናል»

አይሆንም። ኢንቴል ከሆነ ስሙ ላይ «ኬ» የሚል ፊደል መኖር አለበት። ማዘርቦርዱም እንደ ዜድ690 ወይም ዜድ790 ያለ ቺፕሴት (የማዘርቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኝ ቺፕ) ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ ኮር አይ5 12400 የገዛ ሰው ማብዣ ቁጥሩን (ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር) ከፍ ላድርግ ብሎ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ሲዳክር ቢውል አይሳካለትም። ኤኤምዲ ላይ ቀለል ይላል፦ ራይዘን የሚባሉት አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮቹ ኦቨርክሎክ ለማድረግ ክፍት ናቸው፣ ቢ450 እና ቢ550 ማዘርቦርዶችም ይፈቅዳሉ። ኤ320 እና ኤ520 አይፈቅዱም።

«ፍጥነት ሲጨምር ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል»

ፍጥነቱ ብቻውን አያቃጥልም። አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ የሆነው መነሻ ፍጥነት በማብዣ ቁጥሩ ይባዛል፤ 46 ካላችሁት 4.6 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ከአቅሙ በላይ ከጠየቃችሁት ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል ወይም ጭራሽ አይነሳም። ያኔ ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ ብትመልሷት የባዮሱ ቅንብር ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ጉዳቱ የሚመጣው ከቮልቴጅ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ከ1.20 ወደ 1.35 ቮልት ብታሳድጉት ፍጥነቱን ሳትነኩ እንኳ ኃይሉ በሩብ ገደማ ይጨምራል፤ ያ ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ላይ የታየውን አስታውሱ። ባለቤቶቻቸው ምንም ሳይነኳቸው፣ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እያገኙ ቀስ በቀስ የተጎዱ ነበሩ። ኢንቴል ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ከእነሱ አንዱ ካላችሁ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ባዮሱን አድሱ።

«ቮልቴጁን ለአውቶ (ማዘርቦርዱ ራሱ እንዲወስን) መተው ይሻላል» የሚሉም አሉ። እባካችሁ ይሄን ተጠንቀቁ። ፍጥነቱን ስትጨምሩ ብዙ ማዘርቦርዶች እንዳይቆም ብለው ከሚያስፈልገው በላይ ቮልቴጅ ይሰጡታል።

«ዊንዶውስ ከተከፈተ በቃ፣ ተሳክቷል»

ዊንዶውስ መከፈቱ ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ ሲኔቤንች የተባለውን የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም አስኪዱ፣ ካለፈ ፕሮሰሰሩን በከባድ ሥራ የሚፈትኑትን ኦሲሲቲን ወይም ፕራይም95ን ለጥቂት ሰዓታት። በየመሃሉ ሙቀቱን ኤችደብልዩኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ተከታተሉ። በአንድ ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ ብቻ ጨምሩ፣ ያደረጋችሁትንም ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይሮ የቱ እንዳበላሸው የሚያውቅ የለም። ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ አይቆምም፤ አንዳንዴ ሳትሰሙት ፋይል ያበላሻል። የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የሠርግ ፎቶ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ፣ ኮፒ ሳትይዙ እንዳትጀምሩ።

«ጥሩ ኩለር (ማቀዝቀዣ) ስላለኝ ሙቀት አያሳስበኝም»

አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄ በተለይ አይሠራም። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል ማለት ነው። በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ 75 ዲግሪ ያያችሁት እናንተ ጋ 80 ቢያልፍ አትገረሙ። አቧራውን አጽዱ፣ በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል የሚቀባውን ቴርማል ፔስት ከደረቀ ቀይሩ። እኔ ከባድ ሙከራ ላይ 85 ዲግሪ ካለፈ ወደኋላ እመለሳለሁ።

«ጌም እጥፍ ይፈጥናል»

ከ4.5 ወደ 4.8 ጊጋኸርዝ መውጣት 7 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ወደኋላ የሚጎትታችሁ ግራፊክስ ካርዱ ከሆነ ደግሞ ለውጡን አታዩትም። ከዚያ በፊት ራማችሁን ተመልከቱ። 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (ራሙ በተገዛበት ፍጥነት እንዲሄድ የሚያደርገው ቅንብር) ካልተከፈተለት በ2133 ወይም በ2400 ሊሄድ ይችላል። ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ የሜሞሪው ገጽ ላይ ፍጥነቱን እዩ።