ካንቲሊቨር ድልድይ ምንድን ነው?

ክንድህን ወደ ፊት ዘርግተህ ውሃ የሞላ ባልዲ ያዝ። ባልዲው ያለው እጅህ ላይ ነው፤ የሚያምህ ግን ትከሻህ ነው። ወደ ፊት እንዳትደፋም ሰውነትህ ሳታዝዘው ወደ ኋላ ይለጠጣል። ካንቲሊቨር ይኸው ነው፦ አንዱ ጫፉ ጠብቆ ተይዞ፣ ሌላው ከሥሩ ምንም ሳይደግፈው አየር ላይ የሚዘረጋ አካል።

ድልድይ ሲሆን በሁለቱም ዳርቻ ግንብ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ግንብ አንድ ክንድ ወደ ወንዙ፣ አንድ ክንድ ወደ የብስ ይዘረጋል። የወንዙ ክንድ ሲከብድ የየብሱ ክንድ ሊነሳ ስለሚፈልግ ጫፉን መሬት ውስጥ አጥብቀው ያስሩታል። ሁለቱ የወንዝ ክንዶች አይገናኙም፤ መካከላቸው ላይ ሌላ የድልድይ አካል ይንጠለጠላል። መሐንዲሱ ቤንጃሚን ቤከር እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ይህን በሰው አሳይቶታል፤ ከእሱ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም። ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ፤ በውጭ በኩል ጡብ ሚዛን መጠበቂያ ሆነላቸው፣ በመካከላቸው ደግሞ ጃፓናዊው መሐንዲስ ካይቺ ዋታናቤ ተንጠልጥሎ ተቀመጠ።

ለመኪና መንገድ ከተሠሩት ውስጥ እኔን የሚያስደንቀኝ ሕንድ ውስጥ ኮልካታንና ሃውራን የሚያገናኘው የሃውራ ድልድይ ነው። ከሥሩ የሚፈሰው ሁግሊ የጋንጀስ ቅርንጫፍ ነው። ከ1874 ጀምሮ ሕዝቡ የሚሻገረው በተንሳፋፊ ድልድይ ነበር፤ መርከብ ሲያልፍ ድልድዩ ይከፈታል፣ መንገዱ ይቋረጣል። ውሃው መካከል ምሰሶ መትከል ደግሞ ደለል ያበዛል፣ መርከብም ያውካል። ስለዚህ ወንዙን ሳይነካ የሚሻገር ድልድይ አስፈለገ፤ ካንቲሊቨር ለዚህ የተፈጠረ ያህል ነው። ሥራው በ1936 ተጀመረ። ክንዶቹ ከየግንባቸው ጥቂት በጥቂት እየረዘሙ፣ ክሬኖቹም አሁን በተገጠመው ብረት ላይ እየተሳቡ ቀጣዩን አነሱ። በመጨረሻ መሐል ላይ የቀረውን ክፍተት በሃይድሮሊክ ክሪክ እየገፉ ዘጉት። በሁለቱ ግንቦች መካከል 457 ሜትር ነው፦ ሁለቱ ክንዶች በየራሳቸው 143 ሜትር ገደማ፣ የተንጠለጠለው 172። ከ26,500 ቶን አረብ ብረት ውስጥ 23,000ው የመጣው ከሕንዱ ታታ ፋብሪካ ነው። የተያያዘውም በሪቬት፣ ማለትም ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚደፈን የብረት ችንካር እንጂ በብሎንና ዳዶ አይደለም።

ጦርነት ስለነበር በየካቲት 1943 ያለ ትልቅ ሥነ ሥርዓት ተከፈተ። በርዝመት ከዓለም ካንቲሊቨሮች ሦስተኛ ነበር።

መንገዱ ራሱ በ78 ማንጠልጠያዎች ከላይኛው ብረት ላይ ተንጠልጥሏል። የሚጎዳቸው የመኪናው ጭነት ብቻ አይደለም። እግረኛው ፓን የሚባለውን፣ ብረት የሚበላ ኖራ የተቀባ ቅጠል እያኘከ ማንጠልጠያዎቹ ሥር ሲተፋ፣ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት የነበረው የብረት መከላከያ ከ2007 ወዲህ በጥቂት ዓመታት ተበልቶ ወደ 3 ወረደ። ያን ጊዜ የማንጠልጠያዎቹን እግር ሊታጠብ በሚችል ፋይበርግላስ ሸፈኑት።